ከመለኪያ በታች

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፥ የጣቢያውን አጥር ከፍቼ፥
ከመዳብ ጣሳው ውስጥ ጠርሙሷን አውጥቼ፥
ወደ ብርሃን ይዤ፥ አንድ ዓይኔን ዘግቼ፥
የሌሊቱን ዝናብ በመስመር እሰፍራለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ።

ሐምሌ እጁ አይሳሳም፤ ጠርሙሷን ሞልቶ ያልፋል፤
ነሐሴ ሌሊት ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ይጽፋል፤
እኔ ጠዋት ተነሥቼ ጽሑፉን እገለብጣለሁ፥
ሠላሳ ነጥብ አራት፥ አሥራ ስምንት፥ ዘጠኝ እያልሁ።

ጳጉሜ ግን ሌላ ናት።
ሳምንት እንኳ ያልሞላች፥ ደሞዝ የማይቆረጥላት፤
ዝናቧን እንደ ጨው ቆንጥራ፥ ነስንሳ ዞር አለች።
ትናንት ማታ ሐይቁ ዳር፥ ፀሐይና ካፊያ ባንድነት ሲወርዱ፥
ልጆች «ጅብ ወለደች!» እያሉ፥ አሮጌ ጎማ ሲነዱ፥
ቆሜ አየሁ። እኔም በልጅነቴ ጅቢቱን ፈልጌያት ነበር።

መስከረም ጠባ ይላሉ፤ የማንን ጡት ነው የጠባ?
የነሐሴን ነው እንጂ፤ ከንፈሩ ሳይደርቅ የገባ።
ደግሞ የሐዋሳ ክረምት በር ዘግቶ የሚሄድ አይደለም፤
«በሉ ደኅና እደሩ» ብሎ የተነሣ ዘመድ ነው፥
ደጃፍ ላይ ቆሞ ሌላ ወሬ የሚጀምር፤
ሄደ ስትሉ ደግሞ፥ ጥላውን ረስቶ የሚመለስ።
ባለቤቴ አረጋሽ ይህን ከእኔ በፊት ታውቃለች፤
ጉልበቷ ከመለኪያዬ ቀድሞ ይናገራል።
ዛሬ ጉልበቷ ዝም ብሏል።

ጋሽ ሽብሩ፥ ነፍሱን ይማረው፥ ሥራውን ሲያስረክበኝ፥
ጠርሙሷን ባውራ ጣቱ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦
«አንዳንድ ቀን ትረጥባለች፤ ውኃው ግን መስመር አይደርስም።
ዜሮ ብለህ አትዋሽ፤ ዘንቧልና።
ቁጥር ፈጥረህም አትጻፍ፤ አይሰፈርምና።
ምልክት በል። እለፍ።»

ዛሬ ሳነሣት፥ አንገቷ ላይ እስትንፋስ የሚያህል ጤዛ።
ጻፍሁ፦ ምልክት።
ብዕሬን ከደንሁ። ማለፉን ግን አልቻልሁበትም።

ታቦር ተራራ ታጥቦ ሁለት እርምጃ ቀርቧል፤
አባ ኮዳው ሾላ ላይ ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቷል።
ምናሉ የባጃጁን የዝናብ ላስቲክ ገፎ
አጥር ላይ አሰጣው፥ የሰኔን ጭቃ አራግፎ፤
ከእጥፋቱ መሐል አንድ የጆሮ ጌጥ ዱብ አለች።
የየትኛዋ ተሳፋሪ? የየትኛው ዶፍ ቀን?
እሱም አያውቅ። በኮሌታው ወልውሎ ኪሱ ከተታት፤
መስተዋቱ ላይ ሊሰቅላት ነው መሰለኝ።

ቡኩራ መረቡን ሲጠግን፥ ሐይቁን በአገጩ ጠቆመኝ፦
«ደለሉ መውረድ ጀመረ። ውኃው ሊጠራ ነው» አለኝ።
ጥሩ ነዋ! ስለው ሳቀ፤
«ለማን? እስከ ዛሬ ቆሮሶ እኔን አያየኝም፥ እኔም አላየውም፤
አሁን ተያየን። እንግዲህ ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

የጣቢያው ደንብ «ሣሩን እጨድ» ይላል፥ መለኪያውን እንዳይከልል።
ዐጨድሁ። አንድ ጥግ ግን ትቻለሁ፤
ጥቂት የአደይ እንቡጦች፥ ቢጫቸውን ጨብጠው
እንደ ልጅ መዳፍ፥ «ምን ይዣለሁ?» የሚሉ።
ተቆጣጣሪ ከመጣ፥ ማጭዱ ዶልዱሞ እላለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፍበት ዓምድ መዝገቤ የለውም።
ሙቀት አለው፥ ነፋስ አለው፥ ደመና በስምንት ተከፍሎ አለው፤
ጭቃ ደርቆ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅ የለውም፤
ብርድ ልብስ ወደ እግርጌ የተገፋበት ሌሊትም።

አትቸኩል፥ መስከረም። አንተ ብትደርስ፥ ኅዳርም መድረሱ ነው፥
ያኔ አቧራ ነው፥ ደረቅ ጠርሙስ ነው፥ ዜሮ፥ ዜሮ፥ ዜሮ።
አሁን ባለህበት ቆይ፤ አንድ እግርህን ደጅ፥ አንዱን ቤት አድርገህ።

ወደ ጣሳዋ ሳልመልሳት
ጠርሙሷን መዳፌ ላይ ገለበጥኋት።
ምንም አልወረደም።
እጄ ግን ቀዘቀዘ።