እርጥቡን አትዝጊው

ሐምሌ ነው። ጎንደር ላይ ጉሙ ዝቅ ብሏል፣
የግንቡን ጫፍ ውጦ ፒያሳ ደርሷል።
ከአራዳ ወረድ ሲል፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
የአባቴ ጸጉር ቤት፣ ሦስት እርምጃ የምትሆን፣
ታፔላዋ ላይ «ጸ» በዝናብ ወድቃ፣
«ጉር ቤት» ሆና ቀረች ፊደል ተነጥቃ።

ብረት አይታመንም እንዲህ ያለው ወር ላይ፤
ማታ መስታወት ነው፣ ጧት ቀለሙ ሻይ።

ሰው በማለዳ ተነስቶ ለቁስቋም ሲሳል፣
የእኛ ቤት ምላጭ በጠፍር ይሳላል።
አባቴ እንዳላማው፣ እጁ ሳይከዳው በፊት፣
እጀታውን ሲያስይዘኝ ቃሉ ነበር ጥቂት፦

«ጠፍሩ ላይ ስትስቢው ጀርባው ይቅደምልሽ፤
አፍ የቀደመ 'ለት ቆዳም ሰውም የለሽ።
የኑግ ዘይት ይቅር፣ ሙጫ ይሆንብሻል፤
የስፌት መኪናውን ከጎረቤት ለምኚ፣ ጠብታ ይበቃሻል።
ፊቱን በጣት አትንኪ፣ ጣት ጨው አለበት፤
በፍላኔል ጥረጊው፣ እስኪያይሽ ፊት ለፊት።
ከሁሉም ከሁሉም፣ እርጥቡን አትዝጊው፤
እርጥቡን የዘጉት ይዝጋል፣ ዕወቂው።»

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ እሱ ለቅሶ ሄዶ፣
መሳቢያው ክፍት ነበር፣ ቤቱ ደግሞ ባዶ።
ገለጥኩት። ስስ ፊቱ አንድ ዓይኔን አሳየኝ።
ሸንኮራ ባራሰው አውራ ጣት ዳሰስኩት፣ ዘጋሁት፣ ማን አየኝ?
እሱው አሳበቀ በሦስተኛው ቀን፣
ምስር በሚያህል ዝገት ቀድቶ ጣቴን፣
መስመሩን በሙሉ።

አባቴ አልቆጣም። ኮልጌት በጥጥ ቀብቶ
ሲፈትግ አመሸ በሩን ገርበብ ከፍቶ።
«ጠፍቷል» አለኝ ሲነጋ።
አመንኩት። ማን ይመረምራል የአባቱን ምላጭ ተጠግቶ?

ዘንድሮ ግንቦት ላይ እሱን ቀብሬ መጣሁ፤
ነጠላ እንደዘቀዘቅሁ ቤቱን ከፈትሁ።
ሴት ናት ብለው ከደጅ የሚመለሱ አሉ፣
አገጫቸውን ሰጥተው የሚያንኮራፉም አሉ።

ዛሬ ከአዘዞ አንድ ሰው መጣ፣ ቢያድግልኝ ይባላል፤
የሚስቱ አርባ ወጥቷል፣ ጢሙ አንገቱን ሸፍኗል።
ግራ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ቀኝ ስዞር፣
ዕንባው አረፋውን ሰንጥቆ ይወርድ ነበር።
ድምፅ የለውም። ምላጬን አንስቼ ጠበቅሁት።
«ይቅርታ እቴ» አለ። ፎጣውን ሰጠሁት።
ምን ይባላል? የማውቀውን አልኩት፦
«እርጥቡን አይዝጉት።»

በሩን ያልኩ መስሎት ዞሮ ደጁን አየ፤
ዝናብ ነው ያለው። ፈገግ አለ፣ ቆየ፣
ከዚያ ነገረኝ፣ ሻይ ስታበርድ እንዴት እንደምታፏጭ፤
ሰማሁ፣ አየር ላይ ይዤ ምላጭ።
አረፋው ደረቀ። ደግሜ ቀባሁት።

ሲመሽ፣ አምፖሉ ስር፣ ፍላኔሉን አንስቼ፣
አንድ ጠብታ ዘይት ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪጄ፣
ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ፣ ጥላ ከሚውልበት፣
አገኘሁት።
ያ ምስር። ያ መስመር። የሰባት ዓመት ጣት።
ዙሪያው እንደ ውሃ ያበራል፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱን እየዞረ ተወልውሏል።

አልለቅ ብሎት ይሁን፣ ትቶት ይሁን፣ አላውቅም፤
እሱ አይጠየቅም።
አውራ ጣቴን አስጠጋሁ፣ ልለካው። አላስነካሁም፤
ጣት ጨው አለበት።

ምላጩን ሳልዘጋ፣ ፍላኔል ላይ
ክፍቱን አሳደርኩት።