ሰባተኛው ስም

መርፌው የሸረፈዲን ነው፣ የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ፤
«ከዙህር በፊት መልሺ» ብሎኛል፣ ቸኳይ ነው፣ ለፍላፊ።
ዙህር አለፈ። እኔ ግን ከገጽ ወደ ገጽ እየዞርኩ
የፈቂህ ጠይብን ጥራዝ፣ ልሰፋው ይዤ አነበብኩ።

ጠራዥ ነኝ፣ ዓሊም አይደለሁ፤ የማውቀው ቆዳና ሙጫ፣
የብል ጥርስ የቱ እንደሆነ፣ የቱ የአይጥ መቧጨሪያ።
ፊደሉን ግን አባቴ በልጅነቴ አስቆጥሮኛል፤
የዚህ ሰውዬ አሊፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣
ቃዲ ፊት ቀርቦ የሚምል፣ የሚመሰክር ይመስላል።

ጀጎል ሳይታጠር ገና፣ ጅብ እስከ ደጅ ሲገባ፣
ቀን ደረሳ ያስቀራል፣ ስለ ቀደር፣ ስለ ተውባ፤
ማታ በኑግ ዘይት መብራት የከተማውን ዘመን ይጽፋል።
ወሬ ይዞ የመጣውን አስቀምጦ ይጠይቃል፦
«አየህ? ወይስ ሰማህ? ከማን? እሱስ ከየትኛው አፍ ሰማ?»
ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት፣ አንዲት እንኳን ከላላማ
ብዕሩን ጠርጎ ያኖራል።
«አሚሩ ያሉት ነው» ቢሉት፣
«አሚርም ከሰው ይሰማል።»

ከዚያ የረሃቡ ዓመት። ወረቀቱም እዚህ ይሻክራል።
ማሽላ ከኤረር ቀረ፤ አንድ ቁና በአንድ ጊደር፣
ሰው በየመስጊዱ ጥግ አድሮ፣ ጠዋት ሳይነሳ ሲቀር፣
ፈቂህ፣ እህል ማን እንደ ደበቀ
ከቤት ቤት ዞሮ ጠየቀ።
ስድስት ስም ጻፈ፤ ከስድስቱ ምስክር ጋር።
ሰባተኛዋ ዓይነ ስውር ናት፣ ረውዳ፣ የጉድጓዱ ሰፈር።

«አየሽ?» አላት እንደ ልማዱ። ረውዳ ሳቀች፣ ይላል ጽሑፉ።
«ዓይን የለኝም። ሌሊት ግን፣ አህዮች በደጄ ሲያልፉ፣
ጆንያ ሲወርድ ሰማሁ፣ ጎተራ ሲከደን፣ ሲታሰር፤
ጆንያው ላይ ‹ቢስሚላህ› ያለው፣
ፈቂህ፣ ያንተ ድምፅ ነበር።»

እዚህ አንድ መስመር ባዶ ነው።
ስንት ሌሊት እንደሆነ ባዶ መስመር አይናገርም።
ቀጥሎ፣ በዚያው አሊፍ፦
«ሰባተኛው ጠይብ ነው፣ የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ።
ሴትዮዋ ታማኝ ናት። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም።»

ደረሶቹ አለቀሱ። «ለልጆችህ እዘን፣ ፋቀው።»
«ጎተራውን ከፍቻለሁ፤ እህሉ የሚበላው ነው።
ስሜ ግን የኔ አይደለም፣ የዓመቱ ነው» አላቸው።

ብል መጣች ከዘመን በኋላ። ስድስቱን ስም ጨረሰች፤
ሰባተኛው ጋ ስትደርስ፣ እንጃ፣ ትታ ተመለሰች።
ምናልባት ቀለሙ ወፍሮ፣
ምናልባት ሙጫው መርሮ።
ቀዳዳዎቹን በስስ ወረቀት ደግፌ፣ ሳልሞላ ተውኳቸው፤
ስድስቱን አላየኋቸው።

አሁን ሸረፈዲን በሩ ላይ ነው፣ መርፌዬ የታለ ይላል።
ክር አለቀ፣ እንግዳ መጣ፣ ሰበብ አፌ ላይ ደርሷል።
ዋጥኩት።
«እኔ ነኝ ያቆየሁት» አልኩት።