ር ሳትቆረጥ

ቤርሳቤህ፣ ዳሌት ሰፈር፣ የአረጋውያን ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ፣ የኔ ተራ፣ ሌሊት።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ሴኞራ ፔርላ
አንገቷን ወደ መስኮት አዙራ፣ ከአሸዋው ነፋስ ሌላ
ሰሚ የሌላት ይመስል «አብላሪያ» አለች።
አብላኝ ያለች መስሎኝ ማንኪያ ባነሣ፣ ሳቀች፤
ጥርሷ ከብርጭቆ ውስጥ፣ እሷ ከአልጋ ሳቀች።
«አብላር መናገር ነው፣ አንተ ሆዳም፣
እናገር ነበር ነው ያልኩት፣ ሾርባ አላልኩም።»

እንዲህ ተጀመረ፤ ለሁለታችንም በሚጠበን ዕብራይስጥ፣
በመድኃኒት መዝገብ ጀርባ፣ በእንቅልፍ ሰዓት ውስጥ።
ሮሳሪዮ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማረች፣
የትናንት ራቷን፣ የልጆቿን ስልክ የረሳች፣
ግሥ ግን አንዲትም ያልጣለች።

«ያልሆነን ነገር ማውራት» አለች «ሕጉ ቀላል ነው።
የዛሬውም የትናንቱም ጊዜ ግሡን ይቆርጠዋል፣ ጅራቱን ይጥለዋል፤
ይሄኛው ግን አይነካው፣ ከነሙሉ ገላው ይተወዋል።
አብላር እንዳለ። ኮሜር፣ መብላት፣ እንዳለ። ቢቢር፣ መኖር፣ እንዳለ።
ከኋላ ‹ኢያ›ን ቀጥል፣ አለቀ፤ ለሦስቱም ያው ነው፣ ሌላ የለ።»
አብላሪያ፣ አብላሪያስ፣ አብላሪያ፣ አብላሪያሞስ፤
«የስፔኖቹን እለፈው፣ እኛ አገር አይታወቅም፣
አብላሪያን፣ እነሱ። አጥፋው መብራቱን፣ ዐይኔ አልቻለም።»

አንሶላ ስቀይር፣ ኮሪደር ስወለውል፣
ጧት አምስት ቁጥር አውቶቡስ ራገር መንገድ ላይ ሲውል፣
ኮሜሪያ እላለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ወታደር
የጆሮዋን ሙዚቃ ነቅላ ታየኛለች፣ ብቻዬን ስማከር።

አንድ ሌሊት «በእናንተስ?» አለች።
«‹ነበር› እንሰካለን» አልኳት «ከኋላ። እኖር ነበር።»
«የኖርከው ነው ወይስ ያልኖርከው?»
«ሁለቱም።» ዐፈርኩ፣ ሲቆጠር እንደ ጎደለ ብር።
የሆነውም ያልሆነውም አንድ ጆንያ ውስጥ ነው ለካ፣
«ኖሮ» ከደጅ ካልቆመች የሚለየው የለም፣ ዱካ ከዱካ።

«በኛ ር ናት» አለች።
ቢቢያ፤ እኖር ነበር፣ የኖርኩት።
ቢቢሪያ፤ እኖር ነበር፣ ያልኖርኩት።
ርን ስትላት ምላሷ ድዷን መታ፣ እንደሚቆለፍ በር፤
በሁለቱ መካከል ያለው ይሄው ነው፣ አንድ ር።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ጋር ብቻዋን ሆነች፤
ሰፊ ኮሌታ፣ ጢም ያላበቀለ፣ ወንድሟ ሳውል፣
ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ የማያውቀው መኪና ውስጥ የገባ፣
አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጋራ የሚገዛ።
«ቢቢሪያ» አለች።
ማን? በኔ ቋንቋ ግሥ ሳይጠየቅ ፊቱን ያሳያል፣
እኖር፣ ትኖር፣ ይኖር፤ ከደጅ ስሙን ይናገራል።
የእሷ ግን እኔንና እሱን አንድ ልብስ ያለብሳል።
«ማን? አንቺ ወይስ እሱ?»
«አይለይም» አለች፤ ብርድ ልብሱን ሳበች።

«ለነገ ያንተን አንድ ግሥ አምጣ፣ መደበኛ ይሁን፣
ሕግ የሚያከብር፣ ወጣ ገባ የማይል።»
ላባር አመጣሁ። ማጠብ። እንጀራዬ ነው፤
አሥራ አራት ሰው አጥባለሁ፣ የማን ጀርባ እንደሆነ እጄ የሚያውቀው።
ላባሪያ ብዬ ጻፍኩ፣ በነሱ ፊደል።
በኮሮናው ዓመት፣ ሶሮካ ሆስፒታል፣ ከመስታወት ወዲህ ቆሜ
አባቴን ባለጓንት ሰው አጠበው።
ላባሪያ፤ አጥበው ነበር፣ እኔ፣ የተረከዙን ንቃቃት ሳይቀር።
ላባሪያ፤ ያጥበኝ ነበር። ይሄኛው ደግሞ ሆኗል፣
ወንዝ ዳር፣ በእንዶድ አረፋ፣ ጆሮዬን ቆንጥጦ ይዞ።
በስፓኒሽ ሌላ ጊዜ ነው። በአማርኛ ያው ቃል ነው።
ይህን አልነገርኳትም።

ወረቀቱን ተቀበለች። እስክርቢቶው ተንቀጠቀጠ።
«ኢ ላይ ያለችውን ጭረት ረስተሃል» አለች፣
ጫረቻት፤ ጠማማ፣ ትንሽ፣ እንደ ቅንድብ ጠባሳ።

ውሃው ሳይበርድ ጎንበስ አልኩ፣ እግሯን ሳፋው ውስጥ አኖርኩ።
«ይሄስ?» አለች ካልጋው ጫፍ።
«ላቮ» አልኳት።
አጥባለሁ። ር የተቆረጠች።