ለዳንጊሴ፣ ስለ ቀንዱ

ቀንዱን ስታዪ ጊዜ በሩ ላይ ቀረሽ፣
«አጎቴ፣ ገዳይ ነህ?» አልሽኝ፤ ውሃም አልቀመስሽ።
«ገዳይ» ማለት ድሮ እልልታ ነበረ፣
ላናት ቅቤ የሚያስቀባ፤ ዘመን ተቀየረ፤
ካንቺ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ሚስማር ገባ፣
እኔም ዝም አልኩኝ፣ ሆዴ እየተባባ።

ተነሽ፣ ሐይቅ ዳር እንሂድ። ባጃጅ አልይዝም፤
ዱካ የለመደ እግር ዛሬም አይደክምም።

አሞራ ገደል ጋ መረቡ ሲራገፍ፣
አባ ኮዳ ቆሟል፣ እንደ ቀራጭ ሊገፍ።
ቆሮሶ ጠበሱልን፤ እሾሁን ለቅመሽ፣
በዳጣ አጣፍጠሽ ጣትሽን ላስሽ።
እሰየው፣ ብይልኝ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፦
ዓይን የለውም ይሄ፣ ከሳህኑ ሲያጮልቅ?

«እኔ ለራቤ ነው፣ ያንተ ግን ለኩራት!»
ወረወርሽው ቃሉን፣ እንደ ጦር በስለት።
አልሸሽም፤ አገኘኝ። ልመልስ በእውነት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱካ ስመራቸው፣
ነጭ አዳኝ፣ ሀብታም አዳኝ፣ ፈቃድ በኪሳቸው፣
የኔ ሥራ መግደል አልነበረም፣ ልጄ፣
«አትተኩስ!» ማለት ነው፣ አፈሙዙን በእጄ
ገፍቶ ማውረድ ነበር። «ሴት ናት፤ ሆዷን እያት።»
«ይሄ ገና ጎረምሳ ነው።» «ያቺም ግልገል አላት።»
«ውሃ እየጠጣ ነው፤ ደመኛም ቢሆን ሰው
ሲጠጣ አይመታም፤ ጥሙን ይቁረጠው።»
«መሽቷል፤ ደም ቢፈስ በምን ዓይን ልከተለው?»
አሥር ቀን ወጥተን ዘጠኙን ባዶ እጅ
እንመለስ ነበር፣ ሲስቅብን ያገር ልጅ።

የምንሻው ሽማግሌውን ነው፤ ጥርሱ ያለቀ፣
ከመንጋው ተገፍቶ ለብቻው የራቀ፤
ጅብ ከነነፍሱ ሆዱን ሳይዘለዝለው፣
አንድ ጥይት ከብብት ሥር፤ ሁለተኛ የለው።
ያምራል አይደል ሲነገር? እኔም ሳወራው ያምረኛል፤
ሽማግሌውን አጋዘን ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ሥጋውን ለመንደሩ አከፋፍለናል፤
የፈቃዱ ብር ደግሞ ለዱሩ ነው ይባላል፤
ስንቱ ከዱር ደርሶ ስንቱ መንገድ ቀረ?
አልዋሽሽም ልጄ፣ ለኔም አልተነገረ።

አሁን ስለ ቀንዱ። ልብ በይ፤ ነጠላ ነው፤
ለኩራት የሚሰቅል ጥንዱን ነው የሚሰቅለው።

ጀንበር እያዘቀዘቀች አጋዘኑ ቆመ፤
እኔም ስለደከመኝ፣ ጉልበቴም ስለታመመ፣
«ይሁን፣ ተኩስ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ!
ሆዱን ነው የመታው፤ ተሰወረ ከዓይኔ።
እንግዳው በመኪና ሐዋሳ ገብቶ ተኛ፤
እኔ ደም ፍለጋ፣ አንድ ቀን፣ ሁለተኛ፣
ሦስተኛ። ቅጠል ላይ፣ እንደ ደቀቀ በርበሬ፣
የደረቀች ጠብታ፤ ስትጠፋኝ፣ አፈር በጥፍሬ።
ባራተኛው ቀን ማታ ምንጭ ዳር አገኘሁት፤
ጅብ ቀድሞኛል። የቀረውን አንድ ቀንድ አነሳሁት።

ሊጠጣ ነበር የመጣው።

አንቺ ዛሬ ያልሽኝን እሱ በየጠዋቱ
ይለኛል፤ አሥራ ስድስት ሞልቶታል ዓመቱ።

«አሁንም አልቀበልም» አልሽኝ፤ እጅሽን ታጠብሽ።
አትቀበዪ። እንድትቀበዪ አይደለም የጠራሁሽ።
ግን ላንቺ የሚገድልልሽ፣ መረቡን የሚጥለው፣
ስሙን ታውቂዋለሽ? ያው እዚያ ነው፤ ጠይቂው።

ሄድሽ። ሐመሶ ይባላል። ታንኳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ
መረቡን ይጠግናል፣ ክሩን በጥርሱ ቆርጦ።
ምን እንዳላችሁ አልሰማሁም፤ ነፋሱ ወደዚያ ነበር።
ከሩቅ ያየሁት ይህን ነው፦
ቀዳዳውን ዘርግቶ ሲይዝልሽ፣
አንቺ ሦስት ጣትሽን አስገብተሽ፣
አውጥተሽ፣
ደግመሽ ስትለኪ።