ላምባ ላምባ የሚል ወተት

ከዚራ ነው ቤቱ፣ ከጣቢያው ጀርባ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ወጥቼ ስገባ፣
ማሽኑን ያጠብኩት በጨርቅ በላምባ።
ሮለሩ ሲጠራ፣ ባልዲው ሲጠቁር፣
ወስዶ መድፋት ነበር ከደቻቱ ዳር።
ዓመቱን አሸዋ፣ አንድ ሌሊት ግን ጎርፍ፤
ማን ይቆጥረዋል የደፋነውን ትርፍ?
አሸዋ ይጠጣል፣ አሸዋ አይናገር፣
«ጠጣው» እንል ነበር፣ እንዳለፈ ነገር።

ቁራጭ ወረቀቱን፣ ጊሎቲን የጣለውን፣
ቀይ ሰማያዊውን፣ ገና ያልደረቀውን፣
ከበር እናወጣለን። ፍየል ይጨርሰዋል።
የድሬ ፍየል ምን የማይበላው አለ?
ፖስተሩን በልቶ፣ የሠርግ ካርዱን በልቶ፣
ካርቶን በልቶ ያድራል፣ ግንብ ላይ ተኝቶ።

አንድ ቀን በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ደሃቦ መጣች፣ ጋርባሳሯን አጣፍታ፤
በግራ እጇ ገመድ፣ ከገመዱ ፍየል፣
በቀኝ እጇ ወተት፣ ጠርዝ ጠርዙን የሚል።
አልጮኸች። አልሰደበች።
(ስድብ ቢሆን እችላለሁ፤ ለስድብ መልስ አላጣም።)
ካውንተሩ ላይ፣ ደረሰኙ ላይ አስቀመጠችው።
«ቅመሱት» አለች።

አቶ ሽኩር ሳቀ። ሒሳብ ይዞ ነበር።
«ቅመሰው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
ቀመሰ።
ምላሱን በመሀረብ ጠረገና
ኩባያውን ወደ እኔ ገፋው።
ላምባ ላምባ ይላል።
የኔ ባልዲ፣ የኔ ጨርቅ፣ የኔ ሠላሳ አንድ ዓመት
በፍየል ሆድ ዞሮ፣ ነጭ ሆኖ መጥቷል።
«ልጄ የሚጠጣው ይህንን ነው» አለች፣
ፍየሏን ጎትታ ወደ ገንደ ቆሬ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ ቀን አልሆነም፤
እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላገዝኩም።
ፈይኔ፣ ያቺ ልጅ፣ ከኮሌጅ የመጣች፣
«በዘይት ይታጠባል» ብላ ስትከራከር፣
«ሳምቡሳ ልንጠብስ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት።
ሮለሩ እንቢ አለ። ቀለሙ ተንሸራተተ።
ሦስት መቶ የክሊኒክ ካርድ ተበላሸ።
አቶ ሽኩር እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ።
በአራተኛው ሳምንት ለቀቀ፤
ጥቁሩ ከብረቱ እንደ እንቅልፍ ተነሳ።
ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ አሸተተችኝና
«ዛሬ ሥራ አልገባህም?» አለችኝ።

ቁራጩን ሐረር ላክነው፣ በአይሱዙ፣ በየሳምንቱ፤
አው ሙክታር ጀጎል ውስጥ ይጠርዘዋል፣
መዳፍ የምታህል የተማሪ ደብተር አድርጎ።
በገጹ ጀርባ የማናውቀው ሰው ሠርግ አለ፣
ግማሽ የሙሽራ ስም፣ የተቆረጠ «እንኳን ደስ...»።
ኦቾሎኒ ሻጩ ተቀየመን፤ መጠቅለያው ቀረበት፤
ቀለም ያልነካው ብቻ ይውሰድ ተባለ።
ያረጀውን ፕሌት ድስት ቀጥቃጮች ወሰዱት።
ደንበኛውንም ጠየቅነው፦
«ለሁለት መቶ እንግዳ ሺህ ካርድ ምን ያደርጋል?»
ይኸው ገቢያችን ቀነሰ።
አቶ ሽኩር ማታ አምፖሉን አጥፍቶ
በሞባይሉ ብርሃን ሒሳብ ይሠራል፤
ለምድሪቱ ብሎ ይሁን ለንፍገቱ፣ አልጠየቅሁትም።

ግን ደቻቱ አለ፤ ከአሸዋው ሥር፣
አንድ ክንድ ብትቆፍር፣ ሰማያዊ አፈር፤
አሁን የማልደፋው፣ የደፋሁት ነበር።
ጎርፍ ይወስደዋል አሉኝ። ወዴት?
ከኛ በታችም ፍየል አለ፣
ከፍየሏ ሥር ኩባያ የያዘች እናት።

ትናንት ደሃቦ መጣች። ኩባያው ያው ኩባያ ነው።
«ቅመስ» አለችኝ፣ ለኔ።
ቀመስኩ።
ምንም አይልም።
ወተቱ ጠርቶ ይሁን፣ ወይስ ይህን ሁሉ ዘመን
ላምባ የዋጠ ምላሴ ሞቶ፣
አላውቅም።
ለፈይኔ አቀበልኳት።
እሷ ምላስ አላት።