ስምንት ነጥብ ሦስት

ሳቢያን፣ ቀትር ላይ፣ ጥላም ጥላ ሲሻ፣
ኢብሳ ዩያ መጣ ከሁርሶ መስኖ እርሻ፤
በስኳር ፌስታል አፈሩን ቋጥሮ፣
እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አኑሮ።
«አቦ፣ እስቲ እዪልኝ፤ ምን ነካው?» አለኝ፣
«ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ፣ ማሽላውም ከዳኝ።»

ቤተ ሙከራችን ባለ አንድ መስኮት ናት፣
ማራገቢያዋም ከቆመች ዓመት አለፋት።
አፈሩን አሰጣሁት፣ ወቀጥኩት፣ ነፋሁት፣
በተጣራ ውሃ በጥብጬ ተውኩት፤
አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አፈር አይቸኩልም፣
የጠየቁትን ሁሉ ባንዴ አይመልስም።
ዘንጉን ብነክረው ቁጥሩ ዋለለ፣
ኋላ ከስምንት ነጥብ ሦስት ንቅንቅ አልል አለ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ጨው አለ። ብዙ ጨው።

ማታ አልጋዬን ግቢ አወጣሁ፤ በግንቦት
ድሬ ላይ ማን ይተኛል በቤት?
ስልኬን ከፍቼ አንድ ጥናት አነበብኩ፣
ሰማዩንና ጽሑፉን በተራ እያመሳከርኩ፤
ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ በላይ ቀላ ያለችዋን ጠቆምኩ፣
ምናልባት እሷ አይደለችም፤ ቢሆንም ሰላም አልኩ።

ከማርስ ሰሜን ጫፍ፣ ፀሐይ ከሰነፈችበት፣
በሦስት እግሩ ያረፈ አንድ ብቸኛ ሮቦት
ክንዱን ዘረጋ፤ ጫረ፤ ዛቀ፤ ወንፊቱ ላይ ደፋ፣
ጓል ሆኖ ተጣበቀ፤ የሚያልፍ ቅንጣት ጠፋ።
ነቀነቀው። በማግሥቱም። በሠልስቱም ነቀነቀው።
ሳቄ አመለጠኝ፤ ወንፊት ይዞ ይህን ማን ያላወቀው?
ደቻቱ ከሞላ በኋላ የሚመጣልን ደለል
እንዲሁ ነው፤ ካልለመኑት እሺ አይል።

በመጨረሻ ግን አንዲት ማንኪያ ሾለከች፤
ጠብ አለች ከኩባያው፣ ከውሃዋ ጋር ተዋወቀች፤
ውሃዋ የኛ ናት፣ ከምድር የተጫነች፣
በረዶ እንዳትሆን ታቅፋ፣ ያን ሁሉ ጨለማ ያለፈች።

ቁጥሩን አየሁት። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።
ስምንት ነጥብ ሦስት።
ኢብሳ ዩያ፣ ጎረቤት አገኘሁልህ!

ሌላም ጨው ነበረ፣ ስሙ ምላስ የሚያስር፣
ፐርክሎሬት የሚሉት፣ እርጥበት ከአየር ሰርቆ የሚያድር፤
ውሃ ይዞ ውሃ የማያጠጣ፣
እንደ አንዳንድ ዘመድ።

ኩባያዎቹ አራት ብቻ ነበሩ። አይታጠቡም።
አንዴ ይጠየቃል፤ ተሳስቶ መድገም የለም።
እኔ ብርጭቆዬን ሦስቴ አለቀልቃለሁ፣
ያም ሆኖ ስሳሳት ከአዲስ እጀምራለሁ።
ስንት ዘመን አፈር ይዤ፣ ያን ሌሊት ነው ያፈርኩ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። የዚያ ክረምት ዝናብ አያውቅም፤
ፀሐይ ትሄዳለች፣ ለወራት አትመለስም።
ክንፉ ላይ ውርጭ ተጫነ። ጠሩት፤ «አቤት» አላለም።
ሰው በሰው አገር ሲቀር
«አፈሩን ገለባ ያድርግልህ» እንላለን፤
እዚያ ግን የሁሉ ነገር ከሲሶ ብዙም አይበልጥ ክብደቱ፣
ምርቃቱ ቀድሞ ደርሷል፤ አፈሩ ገለባ ነው ከጥንቱ።

ጠዋት ኢብሳ መጣ። «ጨው ነው» አልኩት፤ «ቦይ ቆፍር፣
ጀሶ በትን፣ እጠበው፤ ጨው ይዞ ውሃው ይሻገር።»
«ይሰጣል?» አለኝ። «ይሰጣል፣ ብትታገሠው።»
ከዚያ አላስቻለኝም፤ ነገርኩት ስለዚያኛው፣
ስለ ክንዱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ጨው።

ሽርጡን አጥብቆ ጥቂት ዝም አለ።
«ዝናብ አለ?»
«የለም።»
«ወንዝስ?»
«እሱም የለም።»
«እንግዲያ ነበረ» አለ። «ጨው ከሰማይ አይወድቅም፤
ውሃ ሲሄድ ዱካው ነው። ሌላ ምስክር አልፈልግም።»

ሊወጣ ሲል ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣
«የተረፈውን አፈር ስጪኝ» አለኝ ደግሞ፣
«የማሳዬ ነው፤ ልመልሰው።»
እዚያ ማዶ አንድ ማንኪያ አፈር ከኩባያ ቀርቷል፣
መላሽ የለው።

ፌስታሉን ቋጥሬ ሰጠሁት። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነ፤
«ጎድሏል» ብሎኝ ሄደ፤
በባጃጁ አቧራ ተሸፈነ።