ሁለት ሰከንድ

ለጉልበቴ ነበር የመጣሁት፤ ተራ ቁጥሬ አርባ ሦስት፣
እነሱ ገና ሃያ ስድስት ላይ ናቸው፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት።
ወንበሩ ፕላስቲክ፤ ወለሉ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣
ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን ነስተውት፣ ለብቻው ያወራል።
አጠገቤ አንድ ጎረምሳ፣ ክንዱ በጀሶ የታሰረ፣
ስልኩን እየነካካ ለራሱ ይስቅ ነበረ።

ቀና ስል፣
ጥቁርና ነጭ ምስል፦
የሴቱባል ወደብ፤ ጀልባ ላይ የተከመረ መረብ፤
ከዚያ የፋብሪካው ረጅም የጢስ መውጫ፣ ጡብ በጡብ።

አወቅሁት። ስሙን ሳይጽፉት አወቅሁት፣
ያንን የእብነ በረድ ጠረጴዛ ስንት ክረምት በክርኔ ያሸሁት!
ሳይረን ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጀልባ ገባ ማለት ነው፤
ሽርጣችንን እየታጠቅን እንሮጣለን፤ ቦታ ያለው ለቀደመው ነው።
የሰርዲኑን ጭንቅላት መቁረጥ፣ አንጀቱን በአውራ ጣት ማውጣት፤
ክፍያው በሰዓት አይደለም። በቅርጫት።

ይኸው አለቃችን ቫልደማር፣ እርሳሱ ዛሬም ከጆሮው ላይ፣
በሞተ በሠላሳ ዓመቱ ሊቆጥረን መጣ ወይ?
ይቺ አዴላይድ ናት፣ መንታ አርግዛ ቆማ የምትሠራው፣
ይቺ ደግሞ፣ ይቺ ቀጭኗ፣ አፏን ከፍታ የምትስቀው፣
ጥርሷ ሁሉ በየቦታው፣ ነጭ ሻሽ ግንባሯ ላይ ያሰረች፣
ማናት እያልኩ ነበር። እኔ ሆና ተገኘች።

ከጎኔ ግራሲዬት።
ስሟን በአፌ ካልጠራሁት
ዘንድሮ ሃምሳ አንድ ዓመት።

ያ ከሊዝበን የመጣ ባለ ካሜራ ትዝ ይለኛል፤
"ሥሩ እንጂ እኔን አትዩ" ሲለን ሳቅ ያፍነኛል።
በዚያው ሳምንት ነው። አንድ ቀን ድንገት ዞር ስል፣
እጇን ቅርጫቴ ውስጥ አገኘሁት፤ እስከ አንጓው፤ ዓሣ መሃል።
"ሌባ!" አልኩ። በሹክሹክታ አይደለም፤ አዳራሹ ሙሉ እንዲሰማ፣
ውጪ አጥሩ ላይ የተኮለኮለው የወደብ ድመት እንዲሰማ።
እሷ ምንም አላለች። ሽርጧን ፈታች፤ አጠፈች፤
ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጣ ወጣች።
"ዝም ማለቷ ማመኗ ነው" ተባለ፤ እኔም ጨምሬ አወራሁ፣
በሰርጌም፣ በልጄ ክርስትናም፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አወጋሁ።
ሌላው ሰው በአንድ ክረምት ይረሳዋል ቁርሾውን፣
እኔ ጨው ነስንሼ፣ ዘይት ሞልቼ፣ ሃምሳ ዓመት አቆየሁት የእኔን።

አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ እስቃለሁ፤ አንገቴ ወደ አዴላይድ ዞሯል።
ግራሲዬት ግራ ቀኝ ታያለች፤ እጇ ከገዛ ቅርጫቷ ይዘግናል፣
ሙሉ እፍኝ፣ የሚያብለጨልጭ፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ይሻገራል፣
የእኔ ቅርጫት ጋ ይደርስና
ባዶውን ይመለሳል።

ሁለት ሰከንድ። ቢበዛ ሦስት።
ከዚያ ጀልባ። ከዚያ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ስለ ምጣኔ ሀብት።

"መልሰው!" አልኩት ጎረምሳውን፤ ያዝኩት፣ ያንኑ የተሰበረ ክንዱን፣
"እማማ፣ ይሄ እንደ ስልክ አይመለስም" አለኝ፤ እየሳበ እጁን።

ያን ወር አውራ ጣቴን ቢላ በልቶት በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የምሠራው፤
ሒሳቤ ግን ሳንቲም አልጎደለም። ያኔ ማን ጠየቀ፣ ማን አሰበው?
"እኔ እኮ ብረት ነኝ!" ብዬ ለእናቴ ፎከርኩ።
ብረት! በሰው ዓሣ ነበር የጠነከርኩ።

ወይስ ዓይኔ ነው? ግራ ዓይኔ ሞራ አለበት፤ ሐኪሙም ነግሮኛል።
ወይስ ያ እፍኝ ያልኩት የመስተዋቱ ነጸብራቅ ይሆን? ይሆናል።
ፈረንሳይ ገባች አሉ፤ የሀብታም ሕንጻ ጠባቂ ሆነች አሉ፤
ከዚያ ወዲያ አንዱም አያውቅ፤ የሚያውቁት ሞተው አለቁ ሁሉ።

"አርባ ሦስት! ደኦሊንዳ!" ተነሣሁ፤ በሩ ጠበበኝ፣
ወጣቱ ሐኪም ከወረቀቱ ሳይነሣ "የቱ ጋ ነው ሕመሙ?" አለኝ።
ጉልበቴን ረስቼ አውራ ጣቴን ዘረጋሁለት፤
አገላብጦ አየው፣ ጠባሳውን በብዕሩ ጫፍ ነካ አደረገልኝና፦
"ይሄማ ድሮ ድኗል" አለኝ።